ፊታውራሪው የቆረሱት ብረት

ያ የወላጆች ቀን ያስከፈለኝን አስቀድሜ ልናገር፤ ነጋዴ ነኝና ዋጋው ሳይነገር ዕቃ መግለጥ አልወድም። የልጄን ግራ ዓይን ወስዷል። ነቀምት፣ ገበያው አፍ ላይ የነበረኝን ሱቅ ወስዷል። ለእኔ ደግሞ በሄድኩበት የሚከተለኝ አንድ ስም ሰጥቶኛል፤ "ላምባ በውሃ የሚያበዛው"። ስሙን ያለ ዋጋ ነው ያገኘሁት።

ዘመኑ የንጉሡ ጊዜ ነው። እኔ ከጉራጌ አገር ገና ጢሜ ሳያቆጠቁጥ ወጥቼ ነቀምት የገባሁ ሰው ነኝ። ኦሮምኛን ከገበያ፣ አማርኛን ከቀረጥ ተቀባይ፣ ሒሳብን ከኪሳራ ተማርኩ። የትምህርት ቤት ውስጡን ያየሁት ልጄን ላስመዘግብ ስገባ ነው። ሱቄ ውስጥ ጨው፣ አቡጀዲ፣ ክብሪት፣ ላምባና ድፍን የልብስ ሳሙና ነበር። ያ ሳሙና እንደ ክንድ የረዘመ ስለነበር በቢላዋ እየተቆረጠ ነው የሚሸጠው። ቆራጩ እጀ ሰፊ ከሆነ ሱቁ ይከስራል፤ እጀ ጠባብ ከሆነ ገዢው ለከተማው ሁሉ ያወራል። የእኔ ሱቅ ቆራጭ ልጄ ነበረች። ሳትለካ ትቆርጠዋለች፣ ሚዛን ላይ ሲወጣ ሁሉም ቁራጭ እኩል ነው። እናቷ የዚያው አገር ልጅ፣ የሚሲዮን ቤተ ክርስቲያን ሰው ናትና "ይህ እጅ ለሳሙና አልተፈጠረም" ትላለች። እኔ ደግሞ "ሳሙናውስ ለማን እጅ ተፈጠረ?" እላት ነበር።

ህንዱ መምህር ሱቄ የመጣው ላምባ ፍለጋ ነው። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ኬሚስትሪ የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ ጉሮሮው የሚቆልፍ ሰው ነው። ተማሪዎቹ "ሰር" ይሉታል። ጠርሙሱን ባንኮኒዬ ላይ አቆመና፣

"ወንድም፣ ላምባ ውስጥ ውሃ አለ?" አለኝ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሰው ፊት አይጠየቅም። ጉቶ ከሚባለው አገር የወረዱ ሁለት ገበሬዎች ተራቸውን ይጠብቁ ነበርና አንዱ ለሌላው በኦሮምኛ ሹክ አለው፤ ሁለቱም ሳቁ።

"የእኔ ላምባ ውሃ የለበትም። ውሃ የፈለገ ወንዝ ይወርዳል" አልኩት።

እሱ አልሳቀም። ከኪሱ ትንሽ ብልቃጥ አወጣ፤ ከላምባው ጥቂት ጨመረበትና ወደ ብርሃን አነሣው። ውሃ ካለበት ከሥር ይዘቅጣል። የገበያ ቀን ነው፤ ሰው ይጠብቃል፣ እሱ ብልቃጥ ያያል። በመጨረሻ "ጥሩ" ብሎ ገዛ። ከዚያ ወዲያ በመጣ ቁጥር እንዲሁ ያደርጋል። በመጀመሪያ ደሜ ፈላ። በኋላ ግን ነገሩን ገለበጥኩትና ገዢ ሲመጣ "ይህ ህንዱ የመረመረው ላምባ ነው" እል ጀመርኩ። ሽያጬ ጨመረ።

"ለምንድን ነው ይህን ያህል የምትጨነቀው?" አልኩት አንድ ቀን።

"ውስጡ ብረት አስቀምጣለሁ። ብረቱ ውሃ ሲያይ ይቆጣል።"

የሚቆጣ ሰው አውቃለሁ፤ የሚቆጣ ብረት ያን ቀን ሰማሁ። ይበልጥ የገረመኝ መደበቂያው ነው። እሳት የሚበላውን ላምባ፣ እሱ እሳት እንዳይነሣ ብሎ ይገዛዋል። ፍየልን ከነብር ለማዳን ነብር ቤት ማሳደር ነው አልኩ በሆዴ። ያን ጊዜ ልጄ ከጎኔ ሳሙና ትቆርጥ ነበር። ህንዱ ጠርሙሱን እንደያዘ እጇን ሲያይ ቆየ።

"ተማሪዬ ናት" አለ።

"ልጄ ናት" አልኩት።

"እጇ ጥሩ።"

በሳምንቱ ልጄ ቤት መጥታ፣ ክፍል ፊት ብረቱን እንድትቆርጥ እሷ መመረጧን ነገረችን። ብረቱ እንደ ሳሙና ለስላሳ ነው አለች፤ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ብር ያበራል፤ ወዲያው ደግሞ ይጠቁራል። ከምስር ፍሬ የማይበልጥ ቁራጭ በወረንጦ ይዛ ውሃ ላይ ትጥላለች። ሰር ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር ያሰምራል፣ ከመስመሩ ወዲህ ከእሱና ከእሷ በቀር ማንም አይገባም። ለዓይን የሚሆን ወፍራም መነጽር አለ፤ ትምህርት ቤቱ ያለው አንድ ብቻ ስለሆነ የሚቆርጠው ሰው ያደርገዋል። ከዕቃው ቁም ሣጥን አጠገብ አሸዋ የሞላ ባልዲ ይቀመጣል።

"ውሃ አይሻልም?" አልኳት።

"ለዚህ ብረት? አባባ፣ ተው" አለችኝ፤ እናቷ ሳቀችብኝ።

አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ በመስኮት አየሁ። ያቺ ምስር የምታህል ነገር ውሃው ላይ እያፏጨች ወዲያ ወዲህ ሮጠች፤ አለቀች። ልጆቹ ከመስመሩ ማዶ ቆመዋል። ልጄ መነጽሯን አድርጋ ቀጥ ብላለች። እውነቱን ለመናገር ኮራሁ። ያን ጊዜ አሥረኛ ክፍል ነበረች፤ አዲስ አበባ ሄዳ የሐኪም ቤት ላቦራቶሪ መማር ነው የምትፈልገው። ለዚያ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ የጠባይና የሥራ ምስክር ወረቀት ያስፈልጋታል፤ ወረቀቱ ያለ ወላጆች ኮሚቴው ሊቀ መንበር ፊርማ አይወጣም።

ሊቀ መንበሩ ፊታውራሪ ነበሩ። የገበያው አፍ ላይ የተደረደሩት ሱቆች ሁሉ የእሳቸው ናቸው፤ የእኔም። ክፉ ሰው ነበሩ አልልም። ደግ ነበሩ፤ ሲሰጡ ሰው እያየ በብዛት ይሰጣሉ። ጉዳቱም የመጣው ከዚሁ ነው።

የወላጆች ቀን ሲደርስ ትምህርት ቤቱ ትልቁን ክፍል አዘጋጀ። እኔ ከነጋዴዎቹ ጋር ከኋላ በኩል አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። ከፊት፣ ከፊታውራሪ ቤት በሰው ሸክም የመጡ ባለ ክንድ ወንበሮች ተደርድረዋል። የጠመኔው መስመር የለም። ዲሬክተሩ በጠዋት በእርጥብ ጨርቅ አስጠርጎታል። መስመሩ ባለበት ቢተው ፊታውራሪ ከልጆች ጋር ማዶ ሊቀመጡ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር አይደረግም። የተከበረ ሰው ፊት ይቀመጣል፣ የበለጠ የተከበረ ደግሞ ይበልጥ ይቀርባል። እሳት ሲነድም ሆነ ወጥ ሲወጣ ደንቡ አንድ ነው።

ህንዱና ዲሬክተሩ ጥግ ይዘው በእንግሊዝኛ ተጨቃጨቁ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ጭቅጭቅ ግን አስተርጓሚ አይፈልግም። በኋላ ልጄ እንደነገረችኝ ሰር ያለው፣ "ወንበሩ ካልራቀ ብረቱን እተወዋለሁ፤ ቀለሙን የሚለውጠውን ውሃ ላሳያቸው" ነው። ዲሬክተሩ የመለሰለት ደግሞ "እንግዶቹ እሳት ሊያዩ ነው የመጡት" ብሎ ነው። ህንዱ ተንበርክኮ ከወንበሮቹ እግር ሥር ሌላ መስመር አሰመረ። ለሁለት ሰው መቆሚያ የምትሆን ቦታ ብቻ ቀረች።

መዝሙሩ ተዘመረ፤ ንግግሩም ተደረገ። ከዚያ ልጄ ወጣችና የብርጭቆውን ሳፋ፣ ውሃውን፣ ከላምባው ወጥቶ ሸክላ ላይ የተቀመጠውን ብረት እያሳየች በአማርኛ አስረዳች። ቢላዋውን ልታነሣ ስትል ዲሬክተሩ እጁን አነሣ።

በእኛ ዘንድ ድግስ ሲከፈት ዳቦ ይቀርባል፤ ትልቅ ሰው ይመርቃል፣ እሱ ራሱ ይቆርሳል። ሳይቆረስ የሚጀመር ነገር የለም። ዲሬክተሩ ቢላዋ አየ፣ የሚቆረስ ነገር አየ፣ ትልቅ ሰውም ፊቱ ተቀምጠዋል። የተማረ ሰው ነው፤ ግን ከዚያው አገር ነው የወጣው።

"ፊታውራሪ መርቀው ይቁረሱልንና ይክፈቱልን" አለ።

ቤቱ አጨበጨበ። ፊታውራሪ ካባቸውን ሰብስበው ተነሡ። ህንዱ አንድ ነገር ሊል አፉን ሲከፍት ዲሬክተሩ ክንዱን ይዞ ወደ ግድግዳው አስጠጋው። ልጄ ለአፍታ ቆመች። ቆራጩ መነጽር ያደርጋል የሚለውን ደንብ ታውቃለች፤ ቆራጩ ደግሞ አሁን ሌላ ሰው ሆኗል። መነጽሩን ከዓይኗ አወለቀች፣ በሁለት እጇ ያዘች፣ ጎንበስ ብላ ለፊታውራሪ ሰጠች። ያሳደግናት እንዲህ አድርገን ነው። እሳቸው ተቀበሏትና ግንባራቸው ላይ ከባርኔጣቸው ጠርዝ ሥር ሰቀሉት። ዓይናቸው ላይ አላደረጉትም።

"ይብዛ፣ ይባረክ፣ ከዓመት ዓመት ያድርሰን" አሉ።

"አሜን" አልን።

ቆረሱ። ብረቱን እኩል ለእኩል ነው የከፈሉት።

"ትንሽ፣ ጌታዬ፣ ትንሽ" አለ ህንዱ ከግድግዳው፤ የጥፍሩን ጫፍ ያሳያል።

"ይህ ሰው ሠርጉ ላይ ምን ቆርሶ ይሆን?" አለ ከጎኔ የተቀመጠው ጨው ነጋዴ። አግዳሚው በሳቅ ተናወጠ።

ልጄ ቀስ ብላ "ጌታዬ፣ ይበዛል" አለች። ከኋላ ሆኜ ሰማኋት።

"ኢንተላ ኮ" አሏት፤ ልጄ ማለታቸው ነው። "ትልቅ ሰው ሲቆርስ አይበዛም።"

ቤቱ እንደገና አጨበጨበ። እጄ ከሚያጨበጭቡት መካከል ነበረች፤ የቤት ባለቤት ሲናገር የተከራይ እጅ ፈቃድ አትጠይቅም። ፊታውራሪ ግማሹን ብረት አንሥተው፣ ዳቦ ለሰው እንደሚያቀብሉ አድርገው ሳፋው ውስጥ ጣሉት።

መጀመሪያ አፏጨ። ጢሱ ተነሣ፤ ቢጫ ነበልባል ወጣና ሰው "እሰይ" አለ። ልጄ ወደፊት አልፋ በክንዷ ፊታውራሪን ወደ ኋላ ስትገፋ አየሁ። ከዚያ ጠብመንጃ ቤት ውስጥ እንደ ተተኮሰ ሆነ። ሳፋው የለም።

ሁሉም ሰው ወደ ፊታውራሪ ሮጠ። የካባቸው ጫፍ እየጨሰ ነበር። ክፍሉ ውስጥ ለእንግዶች የቀረበ አንድ ማሰሮ ውሃ ነበረ፤ እሱን ካባቸው ላይ ደፉት። ልጄ ግድግዳ ተደግፋ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ አልጮኸችም። ህንዱ "ውሃ! ለዓይኗ ውሃ!" ሲል ማሰሮው ባዶ ሆኗል። ተሸክሟት ወጣ። እኔ በሰው ላይ እየተረማመድኩ ስደርስ ግቢው ካለው ጉድጓድ አጠገብ አስተኝቷት በባልዲ ውሃ እያፈሰሰ፣ በቋንቋው አንድ ነገር ደጋግሞ ይል ነበር።

ሐኪሞቹ አቅማቸውን ሁሉ አደረጉ። ቀኝ ዓይኗ ተረፈ።

ከሐኪም ቤት በወጣች ሰሞን የፊታውራሪ ወኪል ሙክት አስጎትቶ ቤቴ መጣ። ልጄ ከመጋረጃው ወዲያ ተኝታለች።

"ፊታውራሪ በጣም አዝነዋል" አለ።

"ይዘኑ።"

"ኮሚቴው ጉዳዩን ሊመለከት ነው። ዲሬክተሩ ልጅቱ አልተጠነቀቀችም ይላል። እንዲህ ተብሎ ከተጻፈ ከትምህርት ቤት መሰረዟ ነው።"

"አልተጠነቀቀችም?"

"ስማኝ እንጂ፣ ኦቦ። ህንዱ አገሩ የሚገባ ሰው ነው። ጥፋቱን ይዞት ቢሄድ ማን ይጎዳል? በባሕር ላይ አይከብደውም። አንተ 'ህንዱ በደንብ አላስረዳም' ትላለህ። ልጅህ ምስክር ወረቀቷን ታገኛለች፤ አንተም ሱቅህ ውስጥ ትኖራለህ።"

"ያየሁትን ከተናገርኩስ?"

ጣራውን ቀና ብሎ አየ፤ የሱቄን ሳይሆን የመኖሪያ ቤቴን ጣራ።

"ሱቁ አርጅቷል። ፊታውራሪ ሊያድሱት አስበዋል" አለ።

ሙክቱን ትቶ ሄደ። ከመጋረጃው ወዲያ ልጄ "አባባ" አለችኝ።

"አቤት።"

"ሰር ትንሽ ብሏል።"

ሙክቱን በማግሥቱ መለስኩ። ደግ ሰው ስለሆንኩ አይደለም። የወኪሉ ዋጋ መጥፎ አልነበረም፤ ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ኖሮ ተቀበል እለው ነበር። ግን ወደፊት ስንት ዓመት አንድ ቤት ውስጥ ስንኖር፣ ልጄ በቀረላት ዓይን እንዴት እንደምታየኝ አሰላሁት። አላዋጣኝም።

ኮሚቴው ዲሬክተሩ ቢሮ ተሰበሰበ። ፊታውራሪ በሊቀ መንበር ወንበራቸው ተቀምጠዋል። ልጄ ዓይኗ እንደታሰረ ከእናቷ ጋር በር አጠገብ፣ ህንዱ ደግሞ ብቻውን መስኮት ሥር ነበሩ። ሲጠይቁኝ ቆምኩና ተናገርኩ።

"መስመሩ ተጠርጓል። መነጽሩ ለፊታውራሪ ተሰጥቷል። ህንዱ ትንሽ ብሏል፤ ልጄ ይበዛል ብላለች። ፊታውራሪ አብዝተው ቆርሰዋል።"

ከውጭ አህያ አናፋ። ፊታውራሪ ከዘራቸውን ያያሉ። ከዚያ ያ ጨው ነጋዴ፣ የኮሚቴው አባል ነውና፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ብረቱ ውሃ ሲያይ ይቆጣል ተብሏል፤ በላምባ ውስጥ ነው የኖረው። ለመሆኑ ላምባው የማን ነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ሸክም የወረደለት ሰው እንዴት እንደሚተነፍስ በገበያ ሕይወቴ ብዙ አይቻለሁ፤ ቤቱ ሁሉ እንደዚያ ተነፈሰ።

"ህንዱ የመረመረው ላምባ ነው" አልኩ።

"እሱማ ለገዢ ሁሉ የምትለው ነው" አለኝ።

ልጄ ተነሣች። "ላምባው ውሃ ቢኖርበት ኖሮ ብረቱ ቁም ሣጥኑ ውስጥ እያለ ገና ድሮ ተበልቶ ያልቅ ነበር። የወላጆች ቀንን አይጠብቅም። ሰርም ሁልጊዜ በብልቃጥ ያየዋል።"

ህንዱ "ልክ ናት። ላምባ ጥሩ" አለ።

"ቁጭ በይ፣ ልጄ" አለ ዲሬክተሩ።

አንድ ሽማግሌ ከጥግ "ነጋዴ ላምባ ውስጥ ውሃ እንደሚጨምር ለማወቅ ኬሚስትሪ መማር አያስፈልግም" አሉ። ሰው ሳቀ። ፊታውራሪም ፈገግ አሉ። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ ሰው የማያውቀውን ብረት ከሚያምን የሚያውቀውን ነጋዴ ቢጠረጥር ይቀለዋል። በሌላው ጊዜ፣ በሌላው በርሜል አልምልም። ያ ላምባ ግን ንጹሕ ነበር።

አደጋው በሱቅ ላምባ ጉድለት የደረሰ መሆኑ ተጻፈ። ልጄ አልተሰረዘችም፤ ጥፋቱ ወደ እኔ ዞሯልና። ህንዱ ላምባውን በሚገባ ሳይመረምር ተቀበለ ተብሎ ውሉ ሳይታደስ ቀረ። ያን ሁሉ ቀን ባንኮኒዬ ላይ ብልቃጥ ይዞ ሲቆም ያየው ከተማ ይህን ሰምቶ ዝም አለ።

ሲሄድ ሱቄ ገባ። ምንም አልገዛም። መነጽሩን ባንኮኒው ላይ አኖረና "ለእሷ" አለ። ከራሴ ኪስ ከፍዬ የገዛሁት ነው አለኝ፤ ለካ የትምህርት ቤቱ አልነበረም። አየሁት፤ አንድ ጭረት የለበትም።

ሱቁን ልቀቅ ተባልኩ፤ ሊታደስ ነው። አንዲት ምስማር ሳትመታበት ጨው ነጋዴው ገባበት። እኔ ከነቀምት ወጥቼ፣ ኡኬ በምትባል ትንሽ ከተማ መንገድ ዳር አንዲት ጠባብ ቤት ተከራየሁ። ከነቀምት የሚመጣ ሹፌር ሁሉ ላምባ ሲገዛ "ያንተን ነው ወይስ የወንዙን?" ይለኛል። እስቅለታለሁ፤ ገዢ ነው።

የትምህርት ቤቱን የኬሚስትሪ ቁም ሣጥን በምስማር ዘጉት። አዲሱ መምህር ሁሉንም በጥቁር ሰሌዳ ያስተምር ነበር አለች ልጄ፤ እሳቱንም በጠመኔ ይስለዋል። እንደዚያም ሆኖ ጨረሰች። ምስክር ወረቀቷን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች። የላቦራቶሪ ማሠልጠኛው መዝጋቢ ፊቷን አይቶ ሁለት ዓይን ያለው አመልካች ሞልቷል አላት።

"ማይክሮስኮፕ በአንድ ዓይን ነው የሚታየው" አለችው።

መዝጋቢው ሳቀና ቀጣዩን ጠራ።

ፊታውራሪ ከዚያ በኋላም ብዙ ዳቦ ቆርሰዋል። ልጄ ኡኬ ሱቅ ውስጥ ነች። ሳሙና ትቆርጣለች፤ ቁራጩ እንደ ድሮው እኩል ነው።

ወጪ፦ አንድ ዓይን፣ አንድ ሱቅ፣ አንድ መምህር። ገቢ፦ አንድ መነጽር።